«መጠን» የሚለው ሳጥን

ጥቅምት 6

ለእህቴ ልጅ፣ ለጉንዳኔ፤

ሰላምታዬ ናፍቆቴን ተሸክሞ ካለሽበት በደህና ይግባ። እናትሽ ደህና ናት። ጉልበቷን ሲያማት ደረጃውን ትረግማለች እንጂ ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለባትም። የሚጥል በሽታዋም ይኸው ስድስት ዓመት ሙሉ ዝር አላለባትም። ሽሮፗን ጠዋት ማታ ሳታጓድል ትወስዳለች፤ ከመስኮቴ የምሰጣትም እኔው ነኝ።

ይህን የምጽፍልሽ አንቺው በሠራሽልን ፕሮግራም ውስጥ «መልእክት» በሚለው ገጽ ነው። ስልክ ለምን አታነሳም አትበይኝ፤ የስልክ ነገር አይሆንልኝም። ጉዳዬ ይህ ነው። ለመመረቂያሽ የሠራሽው ፕሮግራም ዛሬም ክሊኒካችንን ቀጥ አድርጎ ይዟል። ሐኪሙ ከክፍሉ ሆኖ ያዛል፣ እኔ መድኃኒት መስጫው መስኮት ላይ ሆኜ አነብና እሰጣለሁ። አሁን ግን አናጢ አምጥተው ስክሪኑን ከግድግዳው ጋር ሰቀሉትና ራቀብኝ። ፊደሉን ትንሽ ከፍ ብታደርጊልኝ። አስራ አራት ነው ብለሽኝ ነበር፤ ሃያ ይሁን።

የሐኪም እጅ ጽሑፍ የሚያነብ ጠፍቶ ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ወደ እኔ ሲሮጥ «ንስሩ» ያሉኝ ሰዎች ዛሬም በዚሁ ስም ነው የሚጠሩኝ። ስለዚህ ዓይኔን እንዳትጠረጥሪ፤ ጥፋቱ የአናጢው ነው።

አጎትሽ


ጥቅምት 8

ለማከብርዎና ለምወድዎ አጎቴ፤

እንደምን ሰንብተዋል፣ ጋሼ? ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ሥራዬም እንደሚያውቁት ቀኑን ሙሉ የማላውቃቸው ሰዎች የሚጫኑትን ቁልፍ ቀለም መቀባት ነው። እዚህ የማውቃቸው ሁሉ ከአገር ቤት ጫማ፣ ስልክ፣ ገንዘብ ይጠየቃሉ። የእኔ አጎት ፊደል ይጠይቁኛል። ስነግራቸው ቀኑ።

የጠየቁኝ ተሠርቷል። ነገ ፕሮግራሙን ሲከፍቱ ሁሉም ነገር ሃያ ሆኖ ያገኙታል። ኮዱን ከስንት ዓመት በኋላ ሳየው ሳቄ መጣ። ጽሑፍ የሚታይበት እያንዳንዱ ሳጥን የራሱ ትእዛዝ አለው፤ የፊደሉን ዓይነት የምታዝ አንድ መስመር፣ ቁመቱን የምታዝ አንድ መስመር፣ ቀለሙን የምታዝ አንድ መስመር። ተማሪ ሳለሁ አርባ ሦስቱንም ሳጥን ለየብቻ ነበር ያለበስኳቸው። በዚያ ዕድሜ ጊዜ ርካሽ ነው።

«መልእክት» የሚለው ገጽ ላይ ደግሞ የመደመር ምልክት ያላት ቁልፍ ጨምሬልዎታለሁ። እሷን በተጫኑ ቁጥር የደብዳቤው ፊደል ያድጋል። እማዬን ይሳሙልኝ።

ጉንዳንዎ


ኅዳር 1

ለጉንዳኔ፤

ጤናሽን ይስጥልኝ፣ እጅሽ ይባረክ። ሃያው መጥቷል። እናትሽ ሰላም ብላሻለች፤ ደብዳቤ ስጽፍልሽ አጠገቤ ቆማ «ከስታለች ወይ ብለህ ጠይቃት» ትላለች።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የስክሪኑ ነጭ ዓይን ይወጋል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ስትገባ ጭራሽ ይብሳል። ጀርባውን ጥቁር፣ ፊደሉን ቢጫ ማድረግ ይቻላል? ደግሞም ፊደሉ ወፈር ቢል። የጠርሙስ ላይ ወረቀት የሚያትመው ማሽን ተበላሽቶ አሁን ሁሉንም ከስክሪኑ እያየሁ በእጄ ነው የምጽፈው። ይጠገናል ካሉ ወር አልፏል፤ የእኛን ጥገና ታውቂዋለሽ።

አጎትሽ


ኅዳር 2

ለምወድዎ አጎቴ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ለእማዬ አልከሳሁም ይበሉልኝ፤ እንዲያውም ወፍሬአለሁ ቢሏት ነው የምትደሰት።

ጀርባው ጠቁሯል፣ ፊደሉ ቢጫ ሆኖ ወፍሯል። የምትብለጨለጨዋንም መስመር፣ ቀጥሎ የሚጻፍበትን የምታሳየዋን፣ ወፈር አድርጌልዎታለሁ። ሥራው ደስ ይላል፤ ማን እንደሚያየው አውቄ ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው።

ግን ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ስክሪኑ ራቀ፣ ፀሐይ ገባች፣ ነጩ ወጋኝ። ዓይንዎን የታዩት መቼ ነው?

ጉንዳንዎ


ኅዳር 19

ለጉንዳኔ፤

እንደምን ከርመሻል? ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ፤ ሥራ በዝቶ ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ልጁን ዳረ። ሰውየው ለራሱ የሰፋው ሱሪ ሲቀመጥ ተቀዶ ሰርጉን ሙሉ ቆሞ ዋለ፤ እናትሽ እስከ ዛሬ ትስቃለች።

«መጠን» የምትለውን ሳጥን ብቻ አርባ ስምንት አድርጊልኝ። ሌላው ባለበት ይሁን። ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ የመድኃኒቱን ስም ከርዝመቱ እለየዋለሁ። ቁጥሩ ብቻ ነው።

አጎትሽ


ኅዳር 20

ለማከብርዎ አጎቴ፤

በጤና ያቆይልኝ። አርባ ስምንት አድርጌዋለሁ። አንዲት መስመር ናት፤ በሻይ ሰዓቴ ቀየርኳትና 5 ብዬ ጽፌ ሞከርኩት፤ እንደ ሱቅ ማስታወቂያ ጉልህ ብላ ታየችኝ። ከዛሬ ጀምሮ ከመንገድ ማዶም ሆነው ያነቡታል።

የጠየቅኩዎትን ግን ዘለሉት፣ ጋሼ። ስለ ልብስ ሰፊው ሱሪ ነገሩኝ እንጂ ስለ ዓይንዎ አንድ ቃል የለም። ከርዝመቱ እለየዋለሁ ማለት ምን ማለት ነው? እባክዎ ይመርመሩ። አባቴ ሲሞት እኔንና እማዬን ተሸክመው እዚህ ያደረሱን እርስዎ ነዎት፤ አንድ ነገር ቢሆኑ እኔ ምን ይውጠኛል?

ጉንዳንዎ


ታኅሣሥ 8

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለጉንዳኔ፤

ዛሬ የምሥራች ይዤ መጥቻለሁ። ትናንት እናትሽ ለክትትል መጥታ ነበር። ሐኪሙ አይቷት ወደ እኔ ላካት፤ እኔም ስክሪኑን ሳየው መጠኗ ከአስር ሚሊ ወደ አንድ ሚሊ ወርዷል። ስድስት ዓመት አስር ስትወስድ ኖራ፣ አንድ!

ደስታዋን ብታዪ። «ድኛለሁ ማለት ነው» እያለች መስኮቴ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ አላት። ቁጥሩ አሁን በደንብ ይታየኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 9

ለምወድዎ አጎቴ፤

ምሥራች ያሰማዎ። ደብዳቤዎን ሳነብ እንባዬ መጣ፤ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ደንግጣ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። እናቴ ዳነች አልኳት። ልጅ ሆኜ እማዬ ስትወድቅ ራሷን የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ ያንን የማያውቅ ይህን ደስታ አያውቀውም።

ለመሆኑ ሐኪሙ ምን አላት? አንድ ጊዜ እንዲህ መውረድ ይችላል? ዝም ብዬ ነው፣ ደስታ አላስችል ብሎኝ። ስለ ዓይንዎም አሁንም አልነገሩኝም፤ ዛሬ ግን አልቆጣም።

ጉንዳንዎ


ታኅሣሥ 27፣ ጠዋት

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤ ሳልጽፍ የቆየሁት የምጽፈው ጠፍቶኝ ነው። እንዳትደነግጪ። እናትሽ ከትናንት ወዲያ ደረጃ ላይ ጣላት። ከላይኛው ደረጃ ነው የወረደችው። ዳሌዋ ተሰብሯል። ከዚያም ወዲህ ሁለት ጊዜ ጥሏታል፤ አሁን ሆስፒታል ናት፤ ስጠራት ትሰማለች፣ መልሱ ግን ቶሎ አይመጣላትም።

ነርሷ መድኃኒት አቋርጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ኧረ በጭራሽ፣ እኔው ነኝ የምሰጣት አልኳት። አየችኝ መሰለኝ። ነገሩ ያናደደኝ መጠኗ በተቀነሰ በሦስት ሳምንት ውስጥ መሆኑ ነው። የክሊኒካችን ሐኪም ቸኩሎ ይሆን እላለሁ። አንቺ በስልክ ብትጠይቂው። እኔ አብሬው እሠራለሁ፤ ፊት ለፊት ልወቅሰው አፈርኩ።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 27፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል

ጋሼ፣

ዜሮው የለም። ስክሪንዎ ላይ ዜሮው የለም።

ሐኪሙን ደወልኩለት። «አልቀነስኩም፣ አስር ነው ያዘዝኩት፣ አሁንም እዚህ አስር ይላል» አለኝ። የእሱን ገጽ አርባ ስምንት አላደረግኩትም። ፕሮግራሙን እኔው ጋ ከፈትኩና እንደ እርስዎ አድርጌ 10 ብዬ ጻፍኩ። 1 አለኝ። 15 ጻፍኩ። 1 አለኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። የሳጥኑን ስፋት ተማሪ ሳለሁ በቁጥር ቸክዬው ነበር፤ ለትንሽ ፊደል ነው የለካሁት። ፊደሉን ወደ አርባ ስምንት ሳሳድግ ሳጥኑን አላሰፋሁትም። የሚያነቡት የደብዳቤ ገጽ ቃሉ ሲሞላበት ወደ ታች ያወርዳል፤ የመጠኑ ሳጥን ግን አንድ መስመር ብቻ ስለሆነ የተረፈውን ከጠርዙ ውጭ ይደብቀዋል። እኔም የሞከርኩት በ5 ነው። አንድ አሃዝ! ስንት ዓመት የሠራሁበትን ሥራ በሻይ ሰዓቴ በ5 ሞከርኩት።

ግን ጋሼ፣ ሳጥኑ ጠርዝ ላይ የዜሮዋ ጎን ቀጥና ትታያለች። የሚያይ ሰው አንድ ቀን «ይህች ምንድን ናት?» ይላል። እርስዎ ሠላሳ ሰባት ቀን አላዩዋትም። ምን ያህል ነው የሚታይዎ? ስንት ጊዜ ጠየቅኩዎት? ለምን?

ሳጥኑን አሁን አስፍቼዋለሁ። የተሰጠው ግን ተሰጥቷል። ከኅዳር 20 ወዲህ አስርና ከዚያ በላይ የታዘዘለት ሰው ሁሉ ቤቱ ያለው ጠርሙስ ላይ በእርስዎ እጅ የተጻፈው የተቆረጠ ቁጥር ነው። ዛሬውኑ መዝገቡ ተነቦ ሁሉም መፈለግ አለባቸው። ለመድኃኒት ክፍል ኃላፊዋ ሄደው ይንገሯት። ግማሽ ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ካልሆነ እኔ እደውልላታለሁ። ግማሽ ሰዓቱም ለእርስዎ ብዬ እንጂ ለእነዚያ ሰዎች የሚገባ አይደለም።

እማዬ ምን ትላለች?


ታኅሣሥ 27፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ50

ልጄ፣

ሁሉንም አላነበብኩትም። ለኃላፊዋ ይንገሯት እስከሚለው ደርሻለሁ። ደብዳቤሽን የማነበው ፊደሉን አንድ ቃል ብቻ ስክሪኑን እስኪሞላው አሳድጌ ነው፤ ለዚህ ነው የምዘገየው።

ዓመት አልፎታል። የማየው ዳር ዳሩን ነው፤ መሐሉ ጠፍቷል። ሰው ፊት ለፊቴ ሲቆም ጆሮውንና ትከሻውን አያለሁ፣ ፊቱ የለም። በድምፃቸው ነው የምለያቸው። የእናትሽንም ፊት ካየሁት ቆይቷል።

ብነግርሽ ሥራሽን ጥለሽ ትመጪያለሽ ብዬ ነው። ይህ አንዱ ነው። ሌላው ግን ዕብሪት ነው፤ ለምን እዋሻለሁ። ጡረታዬ ሊደርስ ዓመት ከመንፈቅ ቀረው፤ በንስርነቴ ልወጣ ፈለግኩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልኩ በዚህ መስኮት ሰው ስመክር የኖርኩ ሰው ነኝ።

አንድ ነገር ደብቄሻለሁ። ያን ቀን እናትሽ ወዲያው አልተደሰተችም። መጀመሪያ ጠርሙሱን አገላብጣ አየችና «ወንድሜ፣ ስህተት እንዳይሆን፣ ሐኪሙ እኮ ምንም አላለኝም» አለችኝ። «ንስሩ መቼ ተሳስቶ ያውቃል?» አልኳት። ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

ልሂድ። የኃላፊዋ በር ከወንበሬ አስራ አራት እርምጃ ነው።


ጥር 4

ለአጎቴ፤

ይህን ኃላፊዋ እንደሚያነቡልዎ ነግረውኛል። ላደረጉልን ሁሉ አመሰግናቸዋለሁ፤ የሚከተለውንም ሳይዘሉ እንዲያነቡ እለምናቸዋለሁ።

እርስዎ ለክሊኒኩ በሰጡት ቃል ውስጥ የእኔን ስም ሰርዘውታል ተባልኩ። «እኔ ነኝ አሳስቼ ያነበብኩት» ብለዋል። ይመልሱት፣ ጋሼ። እርስዎ ያነበቡት እዚያ የነበረውን ነው። የኮዷን መስመር ቀኗን ጠቅሼ ለክሊኒኩ በደብዳቤ ልኬአለሁ። ልጅ ሆኜ ብርጭቆ ስሰብር እኔ ነኝ የሰበርኩት እያሉ ያድኑኝ ነበር። ይህ ብርጭቆ አይደለም።

ለጉዞ የሚያስፈልገኝ ወረቀት ገና አልወጣልኝም፤ በየቀኑ ቢሮው በር ላይ ነኝ። ሥራ ቦታ ፊደል ባየሁ ቁጥር ከጠርዙ ውጭ ምን ቀርቶ ይሆን እላለሁ።

እማዬ ጋ ይሄዳሉ? አወቀች? ከመዝገቡስ ስንት ሰው ተገኘ?


ጥር 22

ለእህቴ ልጅ፣ ለጉንዳኔ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። እጁ የኃላፊዋ ነው፣ ቃሉ የእኔ። ስምሽን መልሻለሁ፤ የእኔንም ከጎኑ አስቀምጫለሁ፤ ከሁለት አንዳችን እውነቱን ብንናገር ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር ብዬ አስጽፌአለሁ።

እናትሽ መቀመጥ ጀምራለች። ቃል ይጠፋባታል፤ ማንኪያ ለማለት ትደክማለች። ነገርኳት። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች መሰለኝ፣ ድምጿ ከዚያ ነው የመጣው። «ልጄ ታውቃለች?» አለችኝ። ታውቃለች አልኳት። «ምስኪን» አለች። ማንን እንዳለች አልጠየቅኳትም።

መዝገቡን ኃላፊዋ ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ እኔ ሰዎቹን እየነገርኳት፣ ይህ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው፣ ይቺ የሹፌሩ ሚስት ናት እያልኩ። ሠላሳ አንድ ሰው ናቸው። በእግርም በስልክም ፈልገን ሠላሳው ተገኝተዋል። አንድ ሽማግሌ ሆስፒታል ተኝተዋል፤ ሌሎቹ ደህና ናቸው ይባላል። አንዱ አናጢ ጠርሙሱን መሬት ላይ ወርውሮ ሰደበኝ። ስድቡ ቀለለኝ፤ ዝም የሚሉኝ ናቸው የሚከብዱኝ።

አንዲት ሴት ቀረች። ታኅሣሥ 20 ነው የመጣችው፤ መንገደኛ ናት፣ ዘመድ ጥየቃ መጥታ ልጇ የታመመባት። የሰባት ዓመት ልጅ፣ እንደ እናትሽ የሚጥል። አድራሻ የላትም፣ የተጻፈው ስልክም አይሠራም። በመኪና መናኸሪያው ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ በየክሊኒኩ ተደውሏል። መልኳን ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው? ፊት አልነበራትም። ድምጿን ግን አውቀዋለሁ፤ ጎርነን ያለ ነው፣ ስታመሰግን ትስቃለች።

ስለዚህ ከሥራ ካስወጡኝ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እመጣና ከመስኮቱ ውጭ አግዳሚው ላይ እቀመጣለሁ። የሚመጣውን የሴት ድምፅ ሁሉ እሰማለሁ። ሁለቴ ተነስቼ የማላውቀውን ሰው ክንድ ይዣለሁ። ዘበኛው መጀመሪያ ሊያስነሳኝ ነበር፤ አሁን ሲዘንብ ካፖርቱን ያለብሰኛል። ኃላፊዋ ደግሞ ቤትህ ሂድ፣ መድኃኒቷ ሲያልቅ ራሷ ትመጣለች ትለኛለች። ይህን ስትጽፍልኝም እያለቀሰች ነው፤ እስክትጨርስ ጠብቄአታለሁ።

የሰጠኋት ሦስት መቶ ሚሊ ነው። ሐኪሙ ያዘዘው በቀን አስር ነበር፤ እንደሱ ቢሆን ጠርሙሱ ከትናንት ወዲያ ያልቅ ነበር፣ ዛሬም እዚህ መስኮት ላይ ትቆም ነበር። እኔ ግን በቀን አንድ ብዬ ነው የጻፍኩላት። ገና ዘጠኝ ወር ይበቃታል።

አጎትሽ